ሦስት ጭረት ተራራ

በቻይንኛ ተራራን የሚያመለክተው ፊደል ሦስት ጭረት ብቻ አለው። ለጀማሪ ከሚሰጡት ሁሉ ቀለል ካሉት አንዱ ነው። ሲነበብ «ሻን» ይላል። መልኩን ለመገመት ቻይና ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ንጉሡ ሠን ከግርጌው ጠፍጥፎ፣ የመሀለኛውን ዘንግ ከግራና ከቀኙ ትንሽ አስረዝሞ ማየት ይበቃል። የላስታ ልጅ መጀመሪያ ያየው ዕለት «ይህማ ሠ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ዝምድና ግን የላቸውም። ሠ ከደቡብ ዓረብ ጽሕፈት የወረደ፣ ድምፅን የሚወክል ፊደል ነው። ሻን ደግሞ ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት ቻይናዎች በኤሊ ቅርፊትና በበሬ አጥንት ላይ ከጫሩት ባለ ሦስት ጫፍ የተራራ ሥዕል የመጣ ነው። የእኛም ፊደል በዘር ሐረጉ ሥዕል አላጣም፤ ዐይኑ ዐ የዐይን፣ በ የቤት ሥዕል ነበሩ ይባላል። ግን ሥዕልነታቸውን ትተው ድምፅ ሆነው ቀርተዋል። ሻን ተራራ እንደሆነ ነው። ያም ሆኖ ተማሪ በአጋጣሚ ያገኘውን እርዳታ አይመልስምና፣ ሠን የሚያውቅ ሰው ሻንን ለማስታወስ አይቸገርም።

ላስታ ላይ ይህን ፊደል ማን ይማረዋል ቢባል መልሱ ሩቅ አይደለም። ከወልዲያ ተነሥቶ በጋሸና፣ በነፋስ መውጫና በደብረ ታቦር አልፎ ወረታ የሚገባው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ ስለተሠራ እስከ ዛሬ «የቻይና መንገድ» ይባላል። ወደ ላሊበላ የሚሄድ መኪናም ጋሸና ላይ የሚታጠፈው ከዚሁ መንገድ ነው። በየመንገዱ ዳር ያሉ ልጆች ፀጉረ ልውጥ ባዩ ቁጥር «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይሯሯጣሉ፤ የሚጠሩት ሰው ጣሊያን ይሁን ኮሪያዊ አይጨነቁም። የቅዳሜ ገበያም ፔርሙሱን፣ ብርድ ልብሱን፣ የእጅ ባትሪውን ከዚያው አገር ያመጣል። በልባሽ ጨርቅ የመጣ ካናቴራ ደረቱ ላይ የቻይና ፊደል ይዞ ከአንድ ጎረምሳ ጋር ገበያ ይዞራል። ጎረምሳው ጽሑፉን «ጥበብ» ወይም «ጀግንነት» ይላል ብሎ ያምናል፤ የሾርባ ቤት ማስታወቂያ ሊሆን እንደሚችል የሚነግረው የለም፣ ቢነግረውም አይወድም።

ጉዳዩ ከሁሉ ይበልጥ የሚመለከተው ግን አስጎብኚውን ነው። የላሊበላ አስጎብኚ እንግሊዝኛውን፣ ፈረንሳይኛውን፣ ጣሊያንኛውን ከእንግዳ አፍ እየለቀመ የተማረ ሰው ነው። ቻይንኛ በዚህ መንገድ እስከ ሰላምታ ድረስ ብቻ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያለው በፊደል ይመጣል። አዲስ አበባ ላይ ያለ ሰው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካለው የኮንፊሺየስ ተቋም ሄዶ ይመዘገባል። ላሊበላ ላለው ያሉት ስልኩና ከእንግዳ የተረፈች አንድ መጽሐፍ ናቸው። ኮሮናና ጦርነት እንግዳ ባጠፉባቸው ዓመታት ደግሞ ሌላው ሁሉ ሲጎድል ጊዜ ብቻ ተርፎ ነበር።

የእኛ ፊደል በዛ ብሎ የሚያማርር ሰው ከሻን ጎረቤቶች ጋር ቢተዋወቅ ጥሩ ነው። ገበታው ላይ 33 ፊደል በ7 ተባዝቶ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹ ሲጨመሩ ትንሽ ያልፋል። ይህንኑ ይቀነስ፣ ይሻሻል እያሉ ስንት ምሁራን ሲከራከሩ ኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ1716 የወጣው የካንግሺ መዝገበ ቃላት ግን 47 ሺህ ያህል ፊደላት ይዟል። ያን ሁሉ የሚያውቅ ቻይናዊ የለም። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው የመደበኛ ፊደላት ዝርዝር 8 ሺህ 105 ነው፤ ለዕለት ተዕለት ንባብ የሚፈለጉት 3 ሺህ 500 ናቸው። መሃይምነትን ለማጥፋት በወጣው ደንብ ደግሞ ገበሬ 1 ሺህ 500፣ ከተሜና ሠራተኛ 2 ሺህ ፊደል ካወቀ ማንበብና መጻፍ ቻለ ይባላል። ለገበሬው 500 መቀነሱ ለአረም ጊዜ እንዲተርፈው ታስቦ ይሆናል። ዓባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ ፊደል ላይ ሲደርስ ግን ዓባይን ያላየ ምንጭ ያማርራል ቢባል ያስኬዳል።

ለዚህ ሸክም የተሻለ ዝግጅት ያለው ማን ነው ከተባለ፣ ከዘመናዊው ተማሪ ይልቅ ቄስ ትምህርት ቤት ያለፈው ነው። የኔታ ፊት ቁጭ ብሎ፣ ስንደዶውን ገበታው ላይ እያሳረፈ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ፣ ሂ ሣልስ» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ የጮኸ ልጅ፣ አንድን ነገር ያለ ምክንያት ሺህ ጊዜ መድገም ምን እንደሆነ ያውቃል። ለምን ሁ ሁ ሆነ ብሎ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅም መልሱ ኩርኩም ነው። ከአቡጊዳ ወደ ፊደለ ሐዋርያ፣ ከዚያ ወደ ዳዊት ሲሻገር ልምዱ አጥንቱ ውስጥ ይገባል። ሀ ባሉ ተዝካር በሉ የሚባለውም ያለ ነገር አይደለም። የቻይና ልጅም በአንደኛ ክፍል የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ ተዝካሩ ላይ ነው።

አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። በቤተ ክህነት ትምህርት ንባብና ጽሕፈት ለየቅል ናቸው። ዳዊትን በቃሉ የሚወጣ ካህን ስሙን ሳይጽፍ ዘመኑን ሊጨርስ ይችል ነበር። መጻፍ የቁም ጸሐፊው ሙያ ነው፤ ብራና መፋቅ፣ በወስፌ እየወጉ ማስመር፣ መቃ መቅረጽ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ሁሉም የእሱ ነው። ጭራሽ እጁ የሚጽፍ ሰው ክታብ ይሠራል፣ መድኃኒት ያውቃል ተብሎ ይፈራም ነበር። በቻይንኛ እንዲህ ዓይነት የሥራ ክፍፍል አያዋጣም። ዐይን የሚረሳውን እጅ ስለሚያስታውስ፣ ማንበብ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ መጻፍ አለበት። ስለዚህ የላስታው ተማሪ የየኔታን ጉሮሮና የቁም ጸሐፊውን እጅ አንድ ላይ ይዞ መምጣት ይጠበቅበታል።

በመሣሪያ በኩል ሁለቱ አገሮች ከሚታሰበው በላይ ይቀራረባሉ፤ ዕዳውን የምትከፍለውም በሁለቱም ዘንድ ፍየል ናት። በላስታ ቆዳዋ ተገፎ፣ ተወጥሮ፣ ተፍቆ ብራና ይሆናል። ቻይናዎች ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የወረቀትን ሥራ ስላገኙ ከቆዳዋ አርፋለች፤ ፈጽመው ግን አልማሯትም፤ ለስላሳው ብሩሻቸው የሚሠራው ከፍየል ጠጉር ነው። ጥቁሩ ቀለም በሁለቱም አገር ከጥላሸት ይወጣል። እኛ ዘንድ ከምጣድና ከድስት ቂጥ የተፋቀ ጥቀርሻ ከሌላው ቅመም ጋር ተበጥብጦ ይቀመጣል፤ እነሱ ዘንድ ከጥድ ጭስ የተሰበሰበ ጥላሸት በሙጫ ተለውሶ ይደርቅና ሲፈለግ በድንጋይ ላይ በውሃ ይፈጫል። ይህች ባለውለታ ፍየል በቻይንኛ «ሻንያንግ» ትባላለች፤ የተራራ በግ እንደማለት ነው። ስሟ ውስጥ ሻን አለ፤ ፊደሉን ለመጻፍ የሚያገለግለው ብሩሽ ላይ ደግሞ እሷ አለች። የዛሬ ተማሪ ይህ ሁሉ አያሳስበውም፤ እስክሪብቶና ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር ካለው ይበቃዋል።

አጻጻፉ እንዲህ ነው። እስክሪብቶው መጀመሪያ የሚያርፈው ካሬው መሀል፣ ከላይኛው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ ጎጆ ሲሠራ ምሰሶው እንደሚቀድም ሁሉ ሻንም የሚጀምረው ከመሀለኛው ዘንግ ነው። ሁለተኛው ጭረት በግራ በኩል፣ ከመሀለኛው አጠር ብሎ ይወርድና ግርጌ ሲደርስ እጅ ሳይነሣ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የምሰሶውን እግር ነክቶ አልፎ ይሄድና ወለል ይሆናል። መውረዱና መታጠፉ ተደምሮ አንድ ጭረት ነው፤ ሁለት ብሎ የቆጠረ ተማሪ ተራራውን ባለ አራት ጭረት ያደርገውና መዝገበ ቃላት ውስጥ ያጣዋል። ሦስተኛው በቀኝ በኩል ወርዶ የወለሉን ጫፍ ይዘጋል። እዚህ ላይ እጅ ይነሣል፤ ተራራው አለቀ።

ፊደል የቆጠረ እጅ የሚያስቸግረው ይኸኔ ነው። ሠን የለመደ ሰው ከግራ ወርዶ፣ ግርጌውን ዞሮ፣ በቀኝ ወደ ላይ መውጣት ይቀናዋል፤ መሀለኛዋን ዘንግ መጨረሻ ላይ ጣል ያደርጋታል። በቻይና ጽሕፈት እንዲህ ሽቅብ የሚወጣ ቀጥ ያለ ጭረት የለም። የላስታ ሰው ዳገት እየወጣ ነው ያደገው፤ ተራራ ሲጽፍ ግን ሁልጊዜ መውረድ አለበት። ቅደም ተከተሉ የመምህራን ምቀኝነት ይመስላል እንጂ ምክንያት አለው። ቻይናዊ ሲቸኩል ጭረቶቹን እያያያዘ ይጽፋል፤ ቅደም ተከተሉ የተዛባ ፊደል በፍጥነት ሲጻፍ መልኩ ሌላ ይሆንና ማንም አያነበውም። የእጅ ጽሕፈት የሚያነብ ስልክም እንዲሁ በቅደም ተከተሉ ይጠቀማል።

ካሬውም ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። የቻይና ልጆች የሚለማመዱበት ደብተር እያንዳንዱ ካሬ በመስቀል ለአራት የተከፈለ ነው። ይህ ቅርጽ ራሱ ፊደል ነው፤ «ቲየን» ይባላል፣ ትርጉሙም እርሻ መሬት። ላስታ ላይ መሬት ሲሸነሸን፣ ድንበር ሲካለል ያየ ገበሬ ይህን ፊደል ያለ አስተማሪ ያነበዋል፤ የአራተኛው ቁራጭ ባለቤት ማን እንደሆነም ሊጠይቅ ይችላል። ሕጉ አንድ ነው፦ ፊደሉ ሦስት ጭረት ይኑረው ሠላሳ፣ የሚደርሰው ያው አንድ ካሬ ነው። ሻን ስለቀለለ ካሬውን መሙላት፣ ሌላው ስለበዛበት መጠቅጠቅ አለበት። ጀማሪ ከዚህ በተቃራኒ ይሠራል፤ ሻንን ጥግ ላይ እንደተጣለ ጉልቻ ትንሽ አድርጎ ይጽፍና ከባዱን ፊደል ሦስት ካሬ ያስይዘዋል።

ፊደሉ በእጅ ከገባ በኋላ በአፍ መግባት አለበት። ሻን ድምፁ ከፍ ብሎ፣ ሳይወርድና ሳይወጣ ዝርግ ሆኖ ይነገራል። ይህ የመጀመሪያው ዜማ ነው፤ ሦስት ሌሎች አሉ። የቻይና ካርታ ላይ ሁለት ጎረቤታሞች ክፍለ ሀገሮች አሉ፤ የሁለቱም ስም በእኛ ጽሕፈት «ሻንሺ» ነው። አንደኛው በዝርጉ ዜማ «ከተራራው ምዕራብ» ማለት ነው። ሁለተኛው ድምፁ ወደ ታች ወርዶ ይነሣል፤ ተራራም የለበትም። ዜማ የሳተ መንገደኛ አጎራባቹ ክፍለ ሀገር ገብቶ ያድራል። ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊመስለው አይገባም። «ገና» ጠብቆ የላሊበላ ትልቁ በዓል ነው፤ ላልቶ «አልደረሰም» ማለት ነው፤ ፊደላችን ይህን ልዩነት ጨርሶ አያሳይም። እኛ ሳይጻፍልን እንለያለን፤ ቻይናዎችም እንደዚሁ።

ዜማውም ድምፁም አንድ የሆኑ ደግሞ አሉ። ሸሚዝ በሚለው ቃላቸው ውስጥ ያለው «ሻን» እና መሰረዝ የሚለው «ሻን» ከተራራው ጋር በጆሮ አይለዩም። የሚለያቸው ጽሕፈቱ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ተማሪው ሊያማርር ሲነሣ የየኔታ ድምፅ ሊመጣበት ይገባል። በግእዝ በንጉሡ ሠ «ሠረቀ» ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ «ሰረቀ» ሰረቀ ነው። በንጉሡ ሠ እና በዐይኑ ዐ «ሠዐለ» ሥዕል ሣለ፤ በእሳቱና በአልፉ «ሰአለ» ለመነ። በሀሌታው «መሀረ» አስተማረ፣ በሐመሩ «መሐረ» ይቅር አለ። ዛሬ በአማርኛ የተተረፈረፉ የሚመስሉትና ብዙ ሰው እንዳሻው የሚቀያይራቸው እነዚህ ፊደላት፣ ቻይንኛ ከላይ እስከ ታች የሚሠራውን ሥራ በትንሹ የሚሠሩ ናቸው፦ ጆሮ አንድ ያደረገውን ዐይን ይለየዋል። ፀሐይን «ሰረቀች» ብሎ የጻፈ ሰው በሌብነት እንደከሰሳት የሚቆጥር መምህር ላስታ ላይ ዛሬም አይጠፋም። እንዲህ ያለው መምህር ቻይንኛ ቢማር ይሳካለታል።

ተራራ ሲቆጠር ደግሞ አንድ ቃል መሀል ይገባል። «አንድ ተራራ» አይባልም፤ «ዪ ዝዎ ሻን» ይባላል፤ መሀል ያለችው «ዝዎ» መቁጠሪያ ናት። አማርኛም አንድ ፍሬ ሎሚ፣ ሁለት ጥማድ በሬ፣ አንድ ዘለላ ወይን ይላል፤ ቻይንኛ ግን ለሁሉም ነገር መቁጠሪያ ይጠይቃል። ዝዎ ትልቅና ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር የሚቆጠርበት ነው፦ ተራራ፣ ድልድይ፣ ሕንፃ፣ ቤተ ክርስቲያን። ሌላው አገር ተራራና ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቃል መቆጠራቸው ለየት ይል ይሆናል። ላሊበላ ላይ ግን አብያተ ክርስቲያናቱ ራሳቸው ከአለቱ ስለተፈለፈሉ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራና ቤተ መድኃኔ ዓለም በአንድ መቁጠሪያ ቢቆጠሩ የሚገርመው የለም።

ከዚህ በኋላ ፊደሉ ከሌሎች ጋር እየተጋባ ቃል ይወልዳል። እሳት የሚለው ከፊቱ ሲመጣ እሳተ ገሞራ ይሆናል፤ የላስታ አለት ከእሳተ ገሞራ የተገኘ ስለሆነ አስጎብኚው ይህን ቃል አያጣውም። ከኋላው ውሃ ሲከተለው የተፈጥሮ ገጽታ ነው፤ የቻይና ሠዓሊዎች ዋና ሙያም በዚሁ ስም ይጠራል። «ሻንዶንግ» ከተራራው ምሥራቅ ነው፤ ላይ ጋይንትና ታች ጋይንት ብሎ ለሚጠራ አገር ሰው ይህ አሰያየም ማብራሪያ አይፈልግም።

አባባሎቹ ጋ ሲደርስ ነገሩ ጣዕም ያገኛል። «በር ከፍቶ ተራራ ማየት» ቻይናዎች ዳር ዳር ሳይል ፍሬ ነገሩን የሚናገርን ሰው የሚገልጹበት ነው። በላስታ በር የከፈተ ሁሉ ተራራ ያያል፤ ወደ ፍሬ ነገሩ የሚደርሰው ግን ከብቱ፣ ዝናቡ፣ ልጁ፣ ጎረቤቱ ደህና መሆናቸው ከተጠየቀ በኋላ ነው። አስጎብኚው ይህን አባባል ሲጠቀም ስለ ሌላ ሰው ቢሆን ይመረጣል። «ሬንሻን ሬንኻይ» ደግሞ «የሰው ተራራ፣ የሰው ባሕር» ማለት ነው፤ ሕዝብ ሲበዛ ይባላል። ለገና ሌሊቱ ነግቶ ካህናቱ ገደሉ አፋፍ ላይና ከታች በቤተ ማርያም ግቢ ተሰልፈው ቤዛ ኵሉ ሲወርዱ ያየ ሰው፣ አባባሉ ግነት ሳይሆን የቦታ መግለጫ ይመስለዋል፤ ተራራውም ከላይ አለ፣ ባሕሩም ከታች አለ።

«ተራራ ያነሣው ሞኝ ሽማግሌ» የሚለው ተረት ለላሊበላ አስጎብኚ የተሰጠ ስጦታ ነው። ሊየዝ በሚባለው ጥንታዊ መጽሐፍ ላይ የሚገኝ ተረት ነው። ዕድሜው ወደ 90 የተጠጋ ሽማግሌ ታይሃንግና ዋንግው የሚባሉ ሁለት ተራራዎች በሩን ስለዘጉበት ከልጆቹ ጋር ሊያነሣቸው ይቆፍር ጀመር። የሳቀበትን ሰው፣ እኔ ብሞት ልጆቼ፣ እነሱ ቢሞቱ የልጅ ልጆቼ ይቆፍራሉ፤ ተራራው ግን አይጨምርም ብሎ መለሰለት። የሰማይ ንጉሥ በጽናቱ ተገርሞ ሁለት ኃያላን ልኮ ተራሮቹን በጀርባቸው አሳዘለለት። ማኦ ዜዱንግ እ.ኤ.አ. በ1945 በንግግሩ ስለጠቀሰው ተረቱን የማያውቅ ቻይናዊ የለም። አስጎብኚው እንግዶቹን ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ አቁሞ፣ በትውፊቱ ቀን ሰው ሌሊት መላእክት እየፈለፈሉ እንደሠሩት ሲነግራቸው ማስረዳት አያስፈልገውም። ሰው ጀምሮ ሰማይ የጨረሰውን የተራራ ሥራ እነሱም በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ልዩነቱ የእነሱ ሽማግሌ ተራራውን ከመንገድ ሲያስነሣ፣ የእኛ ንጉሥ ባለበት ትቶ ውስጡ መግባቱ ነው።

ሻን ብቻውን ቆሞ አይቀርም፤ የሌላ ፊደል ብልት ሆኖም ይገባል። የካንግሺ መዝገበ ቃላት ፊደላትን በ214 መሠረቶች ሥር ያሰለፈ ሲሆን ሻን 46ኛው ነው። ከሥሩ ድንጋይ የሚለው ሲገባ አለት ይሆናል፤ የላሊበላ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት በቻይንኛ ሲጠሩ የሚገባው ይኸው ነው። በግራው ሰው ሲቆም ከዓለም ተለይቶ የተሰወረ፣ ሞት የማይነካው ሰው ይሆናል። ላስታ ላይ ባሕታዊ ፍለጋ ወዴት እንደሚኬድ የሚያውቅ ሰው ይህን ፊደል አንዴ አይቶ አይረሳውም። ሁለት ሻን አንዱ በሌላው ላይ የተጫነ የሚመስል ደግሞ አለ። ተራራና ተራራ ባይገናኝ ሰውና ሰው ይገናኛል የሚለው ተረታችን እዚህ የፈረሰ ይመስላል። ግን ተራራ አይደለም፤ ጥንት ሲሣል ከጉድጓድ የሚወጣ እግር ነበር፣ ትርጉሙም «መውጣት» ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው መውጫ ምልክት ላይ የሚታየው እሱ ነው። ቤተ ጊዮርጊስን ጎብኝቶ ከዚያ ጥልቅ ግቢ የሚወጣ እንግዳ እግሩ ፊደሉን እየጻፈ ነው ቢባል ከማሳቅ አልፎ እውነትነት አለው።

ስም ሲጻፍ ትርጉም ወደ ኋላ ይላል፤ ቢሆንም ጨርሶ አይጠፋም። ላሊበላ በቻይንኛ በአራት ፊደል ይጻፋል፤ በየተራ ትርጉማቸው ሲወሰድ «ሳብ፣ ትርፍ፣ ዛጎል፣ ሳብ» ይሆናል። ንቦች ንግሥናውን አወቁለት ተብሎ የተሰየመ ቅዱስ ንጉሥ የገበያ ጭነት መስሎ ቁጭ ይላል። ኢትዮጵያ የምትጻፍባቸው አምስት ፊደላት ውስጥ ደግሞ አቧራና ምሽግ አሉ፤ ሩሲያና እስያ በአጭሩ ሲጻፉ የሚያገለግሉ ሁለት ፊደላትም ገብተዋል፤ አፍሪካ ግን የለችም። ቻይናዊ አንባቢ ይህን ሁሉ አያስብም፤ ድምፁን ብቻ ሰምቶ ያልፋል። የሚያስበው አዲስ ተማሪ ብቻ ነው፤ እሱም ማታ መተኛት ሲገባው።

አብዛኞቹ የቻይና ፊደላት ግን የሚሠሩት በሥዕል ሳይሆን በሁለት ቁራጭ ነው፤ አንዱ የትርጉሙን ወገን ይጠቁማል፣ ሌላው ድምፁን። «ፌንግ» የምትባል ድምፅ ሰጪ ቁራጭ አለች፤ በሚከተሉት ፊደላት በቀኝ ትቆማለች። በግራዋ ሻን ሲቆም «ፌንግ» የተራራ ጫፍ ነው። ሻን ተነሥቶ በቦታው የነፍሳት ምልክት ሲገባ፣ በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ዜማ ንብ ይሆናል። እሳት ሲገባ ለጦርነት ጊዜ በኮረብታ ላይ የሚነድ የምልክት እሳት ነው። አንድ ሰው ተራራ ጫፍና ንብ የሚሉትን ሁለት ቃላት ዕድሜውን ሙሉ ሳይጽፋቸው ሊኖር ይችላል። የላሊበላ አስጎብኚ ግን ከቁርስ በፊት ሁለቱም ያስፈልጉታል፤ አቡነ ዮሴፍ ከ4 ሺህ 200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው ሲል አንዱን፣ ንጉሡ ሲወለድ ንቦች ከበቡት ሲል ሌላውን ይጠራል። የላስታ ነጭ ማር ሊሸጥ ሲነሣም ያው ንቡ ተመልሶ ይመጣል። አፍ ላይ ልዩነት ስለሌለ እንግዳው ከነገሩ አያያዝ ይረዳል። ወረቀት ላይ ግን በግራ በኩል የቆመው ቁራጭ ነው ሁሉን የሚወስነው።

ስልክ ላይ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ዛሬ ቻይናዊውም ቢሆን በላቲን ፊደል ድምፁን ይመታና ስልኩ የሚደረድርለትን ፊደል ይመርጣል። ከዚህ የተነሣ ማንበቡን እያወቀ ብዕር ሲያነሣ ፊደሉ የሚጠፋበት ሰው ስለበዛ፣ ለዚህ ሕመም የተለየ አባባል አላቸው። የአማርኛ ተጠቃሚም ንጉሡ ሠ ስልኩ ላይ የት እንደተደበቀ ስላጣ ሁሉንም በእሳቱ ሰ ሲጽፍ የያዘው ያው ሕመም ነው። አስጎብኚው ለእንግዳ መልእክት ሲልክ «ፌንግ» ብሎ ሲመታ ነፋስ፣ ማሸግ፣ እብደት፣ የተራራ ጫፍ፣ ንብ በሰልፍ ይቀርቡለታል። ቸኩሎ ነፋስን ቢነካ ንጉሡ በነፋስ ተከቦ ተወለደ፤ ይህ ያስኬዳል። የተራራ ጫፍ ቢነካም ላስታ ነውና ሐሰት አይሆንም። እብደትን ቢነካ ግን ሕፃኑ በእብዶች ተከቦ ተወለደ ብሎ ይልክና እንግዳው የጥያቄ ምልክት ይመልሳል። ስለዚህ ጥንቁቅ አስጎብኚ ከመላኩ በፊት የፊደሉን ግራ ያያል፦ ነፍሳቷ ካለች ይልካል፤ ከሌለች አጥፍቶ እንደገና ይመታል።